የአንገት ቀዶ ሕክምና፦ ከመግባትዎ በፊትና ከወጡ በኋላ ቤትንና ሥራን እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?



በማኅበራዊ ሠራተኛነት በምሠራበት ጊዜ ካገኘኋቸው ሰዎች መካከል አንዲት የአራት ልጆች እናት ነበሩ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ታሪካቸውን ላካፍላችሁ። በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። የቀኝ እጃቸው ከአንድ ዓመት በላይ ሲደነዝዝና ሲያቃጥላቸው ቆይቶ በመጨረሻ አንገታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሥራው በደንብ ተሳካ። በሆስፒታል ነርሷ መጥታ "ያምሻል?" ብላ በጠየቀቻቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፦ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ቤት በገቡ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ሊጠይቋቸው የመጡ ዘመዶች ቤቱን ሞሉት። እሳቸውም አላስቻላቸውም፤ ተነሥተው ሊጥ የሞላውን ባልዲ አነሡ። ያን ዕለት ሌሊት በሕመም ተይዘው ወደ ሚዮን ተወሰዱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተሰበረ ወይም ከቦታው የተነቃነቀ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ብዙ ሳምንታት ተጨማሪ ሕመምና እረፍት አስከፈላቸው። "ለምን አነሡት?" ብዬ ስጠይቃቸው "እንግዳ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እኔ እንዴት እተኛለሁ?" አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ መልስ ምክንያት ነው። ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሐኪሙ ያውቃል። ቤቱን ማን ያስተዳድር፣ ሥራው እንዴት ይሁን፣ ሕመምን እንዴት እንናገር፣ እንግዳን እንዴት እናስተናግድ የሚለውን ግን ከሐኪሙ ይልቅ እኛ ራሳችን ማዘጋጀት አለብን። ይህ ዝግጅት የሚጀመረው ከቀዶ ሕክምናው ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ ነው።

የአንገት ቀዶ ሕክምና ምንድን ነው?

አንገታችን ውስጥ 7 አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። በአብዛኞቹ መካከል ዲስክ የሚባል እንደ ትራስ የሚያገለግል ለስላሳ ነገር አለ። በአጥንቶቹ መሐል ሕብለ ሰረሰር ያልፋል፤ ከእሱም በየጎኑ ወደ ትከሻ፣ ወደ ክንድና ወደ ጣት የሚሄዱ ነርቮች ይወጣሉ። ዲስኩ ሲፈርጥ ወይም አጥንቱ በዕድሜ ብዛት ሲያብጥና ቦታውን ሲያጠብብ ነርቩን ይጫነዋል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ሕመሙን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ በአንገቱ ሳይሆን በእጁ ነው፤ ክንዱ ያቃጥለዋል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ የጨበጠው ብርጭቆ ያመልጠዋል።

አንድ ነገር በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። የአንገት ዲስክ የፈረጠበት ሰው ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። አብዛኛዎቹ በመድኃኒት፣ በፊዚዮቴራፒና በጊዜ ብዛት በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሕመሙ በዚህ ሁሉ ሳይሻል ሲቀር፣ የእጅ ጉልበት እየደከመ ሲሄድ ወይም ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ ሲጫን ነው። የመጨረሻው ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምልክቶቹም ቁልፍ መቆለፍ ወይም መርፌ መያዝ ማቃት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ እግር መክበድ፣ ሽንትን መቆጣጠር ማቃት ናቸው። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው "በዓሉ ይለፍ፣ የልጄ ሠርግ ይለፍ" እያለ ማዘግየት የለበትም፤ የተጎዳ ሕብለ ሰረሰር ሁልጊዜ ወደ ቀድሞው ሁኔታው አይመለስምና።

በጣም የተለመደው ቀዶ ሕክምና በአንገት ፊት ለፊት በኩል የሚደረገው ነው። ሐኪሙ በጉሮሮ ጎን አነስተኛ ቦታ ቀድዶ የተበላሸውን ዲስክ ያወጣል፤ በቦታውም መተኪያ ያስገባል። ብዙ ጊዜም ሁለቱን አጥንቶች በትንሽ የብረት ሰሌዳና በብሎን ያያይዛቸዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አጥንቶች ቀስ በቀስ ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ። ይህ መጋጠም ወራትን ይወስዳል፤ በአንዳንድ ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል። ለአንዳንድ ታካሚዎች ደግሞ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ዲስክ ይገባላቸዋል፤ ለሌሎች በአንገት ኋላ በኩል ይሠራላቸዋል። ለእርስዎ የትኛው እንደሚስማማ የሚወስኑት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ነው።

ከመፈረምዎ በፊት

በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ሐኪም ለታካሚው ሕመሙን፣ የሕክምናውን ጥቅምና አደጋ፣ እንዲሁም ሌላ አማራጭ መኖሩን ታካሚው በሚገባው መንገድ እንዲያስረዳ ያዛል። ታካሚው ሁለተኛ ሐኪም የመጠየቅም፣ የሕክምና ሰነዱን ቅጂ የመውሰድም መብት አለው። ስለዚህ ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ። "ሐኪሙን እንዳላስቸግረው" ማለት ጨዋነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሐኪሙ ዝም ማለትዎን የሚተረጉመው "ገብቶታል" ብሎ ነው።

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ፦

- ባልሠራው ምን ይደርስብኛል? ለምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እችላለሁ?
- የትኛው ሕመም ይሻለኛል፣ የትኛውስ ላይሻለኝ ይችላል? (ብዙ ጊዜ የክንድ ሕመም ቶሎ ይቀንሳል፤ መደንዘዝ ግን ወራት ሊፈጅ፣ አንዳንዴም ሊቀር ይችላል። ሕብለ ሰረሰር ተጭኖ ከሆነ የቀዶ ሕክምናው ዋና ዓላማ ሕመሙ እንዳይብስ ማስቆም ነው።)
- በፊት ነው በኋላ በኩል የሚሠራው? ብረት ይገባል?
- ስንት ቀን ሆስፒታል እቆያለሁ? የአንገት መያዣ አደርጋለሁ? ለስንት ጊዜ?
- ስንት ኪሎ ማንሣት እችላለሁ? መኪና መንዳትስ መቼ?
- ሥራዬ እንዲህና እንዲህ ነው፤ መቼ ነው የምመለሰው?

በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሥራዎን በዝርዝር ይናገሩ። "በጽዳት እሠራለሁ" ማለት አይበቃም። "በቀን 3 ፎቅ ደረጃ እጠርጋለሁ፣ ውኃ የሞላ ባልዲ አነሣለሁ" ወይም "አረጋዊ ሰው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር አዛውራለሁ" ይበሉ። ሐኪሙ የእረፍት ቀን የሚሰጠው በሰማው መጠን ነው።

ስለ አስተርጓሚም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ወደ ሐኪም ስንሄድ ዕብራይስጥ የሚችል ልጃችንን ይዘን እንሄዳለን። የ12 ዓመት ልጅ "እናትሽ አንገቷ ተከፍቶ ብረት ይገባል፤ ይህ ይህ አደጋ አለው" ተብሎ ሲነገረው ሁለት ነገር ይሆናል፤ ወይ ይፈራና ግማሹን ይደብቃል፣ ወይም ሸክሙን ለብቻው ተሸክሞ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። እናትም በልጇ ፊት ስለ ሽንት ችግር ለመናገር ታፍራለች። ስለዚህ ልጅን አስተርጓሚ አያድርጉ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከታካሚው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ ያዛል። ቀጠሮ ሲያስይዙ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ብለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ በስልክ የሚተረጎምበትም መንገድ አለ። አስታራቂ ሠራተኛ፣ ማለትም መጋሼር ወይም መጋሼሬት፣ ያለበት ኩፓት ሆሊም ከሆነ እሱን ወይም እሷን ያነጋግሩ። በሚኒስቴሩ የስልክ መስመር፣ ኮከብ 5400፣ ስለ መብትዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ሰውነትን ማዘጋጀት

ኩፓት ሆሊም ለቀዶ ሕክምናው ወጪ ኃላፊነት የሚወስድበት ወረቀት ቶፈስ 17 ይባላል። ያለ እሱ ቀጠሮው ሊሰረዝ ይችላል፤ ስለዚህ በጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከቀኑ በፊት የደም ምርመራ፣ የልብ ምርመራና ከማደንዘዣ ሐኪም ጋር ቀጠሮ ይኖርዎታል። የኤም አር አይ ምስሉን በዲስክ ይዘው መሄድዎን አይርሱ።

ለማደንዘዣ ሐኪሙ የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩ። ሁሉ ስል የኪኒን ስም ብቻ ማለቴ አይደለም። ጥቁር አዝሙድ፣ ብዙ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ወይም ከኢትዮጵያ የመጣ ሥር የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ፤ ከመድኃኒት ጋር የሚጋጩ ወይም መድማትን የሚጨምሩ አሉና። አስፒሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ መቼ እንደሚያቆሙ ሐኪሙ ይወስናል፤ በራስዎ አያቁሙ፣ በራስዎም አይቀጥሉ። ስኳር ሕመም ያለብዎት ከሆነ ስኳርዎ ተስተካክሎ መግባት አለብዎት፤ ከፍ ያለ ስኳር ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ አጥንቱ ሳይጋጠም ሊቀር ይችላል። ለማቆም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም፤ ኩፓት ሆሊሞች ለዚሁ የተዘጋጀ የማቆሚያ ትምህርት አላቸው።

ቤትን ማዘጋጀት

ከቀጠሮው 2 ወይም 3 ሳምንት አስቀድሞ ቤተሰቡ በአንድነት ተቀምጦ ይነጋገር። ጥያቄው "እናቴን ማን ይርዳት?" የሚል ብቻ ከሆነ ሁሉም "እኔ እረዳለሁ" ይላል፤ በመጨረሻ ግን ማንም አይሠራውም። ይልቁንስ ሥራው አንድ በአንድ ተጽፎ ከጎኑ ስም ይጻፍበት። ልጆችን ከጋን ማን ያመጣል? ልብስ ማን ያጥባል? የማክሰኞውን ገበያ ማን ይሄዳል? እንጀራው ከየት ይመጣል? ሐኪም ቤት ማን ይወስዳል? ማታ መድኃኒት ማን ያስታውሳል?

በወጥ ቤት በኩል የሚከተለውን ያድርጉ፦

- እንጀራ ጋግረው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ ወይም ከሚሸጡ ሰዎች አስቀድመው ይዘዙ። ምጣድ ማንሣት፣ ሊጥ ማቡካትና ጎንበስ ብሎ መጋገር ለብዙ ሳምንት አይሆንልዎትም።
- ድስት፣ ሰሐን፣ ቡናና ስኳር በወገብ ቁመት ያኑሩ። ከላይኛው መደርደሪያ ለማውረድ ማንጋጠጥ፣ ከታች ለማውጣት መጎንበስ አያስፈልግም።
- ወለሉ ላይ የሚያንሸራትት ምንጣፍ ካለ ይነሣ። ሻወር ውስጥ የማያንሸራትት ንጣፍና ወንበር ይኑር። ለጊዜው የሚያገለግሉ ዕቃዎችን ያድ ሣራ የሚባለው ድርጅት በመያዣ ገንዘብ ያውሳል።
- ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ልብስ ያዘጋጁ፤ በጭንቅላት የሚገባ ልብስ ያስቸግራል።

ሕፃን ልጅ ያላቸው እናቶች የበለጠ ማሰብ አለባቸው። ልጅን አቅፎ ማንሣትም በአንቀልባ ማዘልም ለጊዜው ክልክል ነው። ሕፃኑ ይህን አይረዳም፤ ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጀምሮ እርስዎ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው አምጥቶ እንዲያስታቅፍዎት ያለማምዱት። ለትልልቆቹ ልጆች ደግሞ እውነቱን በአጭሩ ይንገሯቸው፦ "አንገቴን ሐኪም ያክመኛል፣ ጥቂት ቀን ሆስፒታል እቆያለሁ፣ ስመለስ ከባድ ነገር አላነሣም፣ ቀስ በቀስ ይሻለኛል።" ምንም ያልተነገረው ልጅ ከሚያየው የባሰ ነገር ይገምታል። መምህሩም እንዲያውቅ ማድረግ ጥሩ ነው።

ረዳት ዘመድ የሌለው ሰው በየሆስፒታሉ ያለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ይጠይቅ። ክፍያ የለበትም። አንዳንድ ወገኖቻችን "ኦቬዴት ሶሲያሊት ከመጣች ልጆቼን ትወስዳለች" ብለው ይፈራሉ። የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሥራዋ ከሆስፒታል ሲወጡ ቤትዎ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ አብራ ማሰብ፣ መብትዎንም ማሳወቅ ነው። ከመውጫው ቀን በፊት ካነጋገሯት ብዙ ትረዳለች፤ ቤት ከገቡ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ሥራና ገንዘብ

የብዙዎች ጭንቀት ይሄ ነው። ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች እነሆ።

የሕመም ቀን። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው ሕግ መሠረት ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ሰው በየወሩ አንድ ቀን ተኩል የሕመም እረፍት ይጠራቀምለታል፤ ከፍተኛው 90 ቀን ነው። ለምሳሌ 2 ዓመት ሠርቶ አንድም ቀን ያልተጠቀመ ሰው 36 ቀን አለው ማለት ነው። ለመጀመሪያው የሕመም ቀን ክፍያ የለም፤ ለ2ኛውና ለ3ኛው ቀን ግማሽ ደመወዝ፣ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። የሥራ ውላቸው ወይም የጋራ ስምምነታቸው ከዚህ የተሻለ የሚሰጣቸውም አሉ። በካብላን በኩል የሚሠሩም ይህ መብት አላቸው። የቀረዎትን ቀን ብዙ ጊዜ በታሉሽ ላይ ያገኙታል፤ ከሌለ በጽሑፍ ይጠይቁ። የሕመም ወረቀቱን ለአሠሪው ሲሰጡ ቅጂ ያስቀሩ።

ከሥራ መባረር። ሠራተኛ በተጠራቀሙለት የሕመም ቀናት ላይ እያለ፣ ሕጉ ካስቀመጣቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ አሠሪ በመታመሙ ምክንያት ሊያሰናብተው አይችልም። "ፈርመሽ ውጪ፣ ሲሻልሽ እንቀበልሻለን" የሚባሉ አሉ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳያማክሩ አይፈርሙ። ጠበቃ የተባለው የቤተ እስራኤል ተወላጆች የሕግ ድርጅት በእንዲህ ያለ ነገር ይረዳል።

የትዳር ጓደኛ። ባለቤቱ ታማ ለመልበስ፣ ለመብላት ወይም ለመታጠብ የሰው እርዳታ የሚያስፈልጋት ከሆነ፣ ባል ከራሱ የሕመም ቀናት በዓመት እስከ 6 ቀን ወስዶ ሊያስታምማት ይችላል። ሚስትም ለባሏ እንዲሁ። ይህን መብት የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት። አንገትዎ የተጎዳው በሥራ ላይ ወድቀው ወይም ከባድ ነገር አንሥተው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ከአሠሪው ቶፈስ 250 ወስደው ለኩፓት ሆሊም ይስጡ፤ ለሐኪሙም ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱን ይንገሩ፣ እንዲጽፈውም ያድርጉ። ቢቱዋህ ሌኡሚ የጉዳት ክፍያ እስከ 13 ሳምንት ሊከፍል ይችላል። ጥያቄው በ12 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

ሕመሙ ከቀጠለ። የመሥራት አቅምዎ ከ90 ቀን በላይ በጣም ከቀነሰ ስለ አጠቃላይ የአካል ጉዳት ክፍያ ቢቱዋህ ሌኡሚን መጠየቅ ይቻላል። የጡረታ ፈንድ ያለዎት ከሆነም የሥራ አቅም ማጣት መድን እንዳለው ያረጋግጡ፤ በብዙዎቹ ውስጥ አለ። ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ "ደህና ነኝ" የሚለው ልማዳችን ይጎዳናል። ኮሚቴው የሚጽፈው የሰማውንና ያየውን ነው።

በሆስፒታል

በዕለቱ ከተነገረዎት ሰዓት በኋላ ምግብም ውኃም አይውሰዱ፤ ቡናም ምግብ ነው። የአንገት ሐብል፣ ቀለበት፣ የጥርስ ፕሮቴዛ ይውለቅ። ሻሽዎን ማውለቅ የሚከብድዎት ከሆነ የሆስፒታል ቆብ ይጠይቁ፤ ይሰጣሉ።

ሲነቁ ጉሮሮ ሊያምዎት፣ ድምፅ ሊሻክር፣ መዋጥ ሊያስቸግርዎት ይችላል። በፊት ለፊት በኩል ለተሠራ ሰው ይህ የተለመደ ነው፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ይቀንሳል። አብዛኛው ሰው በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ተነሥቶ እንዲራመድ ይደረጋል፤ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነም በ1 ወይም በ2 ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ነርስ ስለ ሕመም ስትጠይቅ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትፈልጋለች። 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ማለት በእኛ ዘንድ ሰላምታና ምስጋና ነው፤ በእነሱ መዝገብ ላይ ግን "ሕመም የለም" ተብሎ ይጻፋል። እግዚአብሔርን ያመስግኑ፣ ቀጥለው ቁጥሩን ይናገሩ። ሕመም በመቻል ቁስል ቶሎ አይድንም፤ እንዲያውም ሕመም የያዘው ሰው አይራመድም፣ በደንብ አይተነፍስም፣ ይህም ሌላ በሽታ ያመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቤት

መራመድ ከሁሉ የሚበልጥ መድኃኒት ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ይራመዱ። ከአልጋ ሲነሡ በመጀመሪያ በጎን ይዙሩ፣ እግርዎን ያውርዱ፣ በክንድዎ ገፍተው ይቀመጡ። በጀርባ ወይም በጎን ይተኙ፤ በሆድ መተኛት አንገትን ያጣምማል። የሚያነሡት ክብደት ሐኪሙ ከነገረዎት አይበልጥ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ውኃ የሞላ ድስት፣ የገበያ ከረጢት፣ እርጥብ ልብስ ከዚያ በላይ ናቸው። የአንገት መያዣ ካደረጉ ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ መኪና አይንዱ። ከእንዲህ ያለ መድኃኒት ጋር ጠላም አረቄም አደገኛ ነው።

መዋጥ ሲያስቸግር ሾርባ፣ ቀጭን ሽሮ፣ ለስላሳ ገንፎ ይውሰዱ። ደረቅ እንጀራ፣ ሥጋና ብዙ በርበሬ ጥቂት ይቆዩ። የሕመም መድኃኒት ሆድ ያደርቃል፤ ውኃና አትክልት ያብዙ። ቁስሉ እስኪዘጋና ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ በገንዳ ውኃ፣ በባሕርና በሚቅዌ መጥለቅ አይገባም። ጾም ከደረሰ፣ ኪፑርም ሆነ ስግድ፣ ሐኪሙንም ቄሱንም ይጠይቁ፤ ሕይወትን መጠበቅ እንደሚቀድም ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ወጌሻም ልናገር። ወገኖቻችን በወጌሻ እጅ ብዙ ጊዜ ስለዳኑ እምነት አላቸው፤ ያንን አልነቅፍም። ነገር ግን የተሠራ አንገት መታሸትም፣ መጎተትም፣ መጠምዘዝም የለበትም። ውስጡ ያልተጋጠመ አጥንትና ብረት አለ፤ ከጀርባው ሕብለ ሰረሰር አለ። ዋገምትም ቅባትም በቁስሉ አካባቢ አይደረግ። ፊዚዮቴራፒ መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይነግርዎታል።

መቼ ነው የማይቆየው?

የሚከተሉት ሲታዩ ወዲያውኑ 101 ይደውሉ፦

- አንገት ማበጥና መተንፈስ ማቃት
- ምራቅን እንኳ መዋጥ አለመቻል
- ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር

የሚከተሉት ሲታዩ በዚያው ዕለት ወደ ሚዮን ይሂዱ፦

- የእጅ ወይም የእግር ጉልበት አዲስ መድከም
- ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል
- ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል ወይም ፈሳሽ መውጣት፣ መቅላት
- የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመም
- በመድኃኒት የማይበርድ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም

ሰንበት ቢሆንም ስልክ ይደወላል፣ መኪናም ይኬዳል።

እንግዳና ይሉኝታ

ታማሚ መጠየቅ ትልቅ ባህላችን ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን መልኩ ይለወጥ። አንድ የቤተሰብ ሰው ስልክ ተቀባይ ይሁን፤ ሰው የሚመጣበትን ሰዓት እሱ ይንገር። መጠየቅ የሚፈልግ ሰው እንጀራና ወጥ ይዞ ይምጣ፣ ቡናውን ራሱ ያፍላ፣ ሲኒውን አጥቦ ይሂድ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጎረቤት "ምን ላድርግልሽ?" ሲል "ምንም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ከማለት "ረቡዕ ልጆቹን ከጋን አምጪልኝ" ማለት ይሻላል። ሰው መርዳት ይፈልጋል፤ ምን እንደሚረዳ ግን አያውቅም።

ባሎችንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ሚስትዎ በሕመም ምክንያት ምጣድ ባታነሣ ቤቱ አይፈርስም። እንግዳ በመጣበት ዓርብ ባልዲውን ተነሥተው የሚያነሡት እርስዎ ከሆኑ የሚያፍርብዎት የለም።

ወደ ሥራ መመለስ

በቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ባልዲ፣ ካርቶን ወይም ታማሚ የሚያነሣ ሰው ግን 3 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። ከመመለስዎ በፊት በኩፓት ሆሊም ያለውን የሥራ ሐኪም፣ ሮፌ ታዓሱካቲ፣ ያግኙ። እሱ "ከዚህ ኪሎ በላይ አታንሣ፣ ሰዓትህ ይቀነስ፣ ከራስ በላይ እጅ አንሥተህ አትሥራ" ብሎ በጽሑፍ ይሰጣል። በቃል ብቻ "አልችልም" የሚል ሠራተኛ ሰነፍ ይባላል፤ ወረቀት የያዘ ሰው ግን ይደመጣል።

ከላይ ያነሣኋቸው እናት በመጨረሻ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። በሥራ ሐኪሙ ወረቀት ከደረጃ ጠረጋ ወደ ቢሮ ጽዳት ተዛወሩ። ለክትትል ወደ ሐኪም ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ሐኪሙ "እንዴት ነሽ?" ሲላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ ትንሽ ቆየት ብለውም "ዛሬ 4 ነው" አሉ።

መልካም ጤንነት ለሁላችሁ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። ስለ ራስዎ ሁኔታ የሚወስነው የሚያክምዎት ሐኪም ነው።